በየማለዳው ያነበብኩላቸው ወረቀት

ሀዋሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለሄራን፣

ዝናብ በማያባራበት በዚያ አገር ጌታ በክንፉ ጥላ ሥር ያኑርሽ እያልኩ ሰላምታዬን እሰድልሻለሁ። እኔ ጉልበቴ ቢያስቸግረኝም እሄዳለሁ። አያትሽም በልተው ያድራሉ፤ ለዚህ ስሙ ይባረክ። በስልክ ስናገር ሐሳቤ ይበተንብኛል፤ ስለዚህ በወረቀት ጽፌ ፎቶውን እልክልሻለሁ። የእጅ ጽሑፌን ታገሺኝ፣ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ አብዝቼ የጻፍኩት ቁጥር ነው።

ዕድሜያቸውን ጠይቀሽኝ ነበር። የአያትሽ መንደር ቡሹሎ ሄጄ ከሽማግሌዎች ጋር ቆጠርን። የሲዳማ ሉዋ፣ እኩዮች በየተራቸው ማዕረግ የሚረከቡበት ሥርዓት፣ ዞሮ የሚመለሰው በሠላሳ አምስት ዓመት ነው። አያትሽ የራሳቸው ተራ ሦስት ጊዜ ሲመለስ አይተዋል። መቶ አስር አልፈዋል አልን፤ የተከራከረ የለም።

አእምሯቸውን በተመለከተ፣ ጎረምሳ እያሉ ጣሊያን የወሰደባቸውን በቅሎ የገመዱን ቀለም ሳይቀር ይነግሩኛል። የትናንት እራታቸውን አያውቁም፤ ይህ የማንም ሽማግሌ ነገር ነው። የሚያስፈራኝ መሐሉ ነው። ከበቅሎው እስከ ትናንት ያለው ከሰማንያ በላይ ዓመት እንደ ደብተር ቅጠል እየወለቀ ነው። እኔንም አማቻቸው መሆኔን ትተው ሥራዬን ብቻ ይዘውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማውን የውሃ ቆጣሪ ሳነብ መኖሬን ታውቂያለሽ። ጠዋት ገብቼ "እንዴት አደሩ አባባ?" ስላቸው፣ "ቆጣሪው በጓሮ በኩል ነው፤ ውሻውን አትፍራው" ይሉኛል። ውሻ የለንም።

በዚህስ እንስቃለን። ባለፈው ማክሰኞ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የአክስትሽን ፎቶ አዩና፣

"ይቺ ደስ የምትል ሴት የማን ሚስት ናት?" አሉኝ።

"የእኔ ነች አባባ።"

"ታድለህ! አባቷ ማን ይባላል?"

ወጥቼ በረንዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ብርቅዬ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ወንድሟ፣ አባትሽ፣ ቀድሟት ሄዷል። እሳቸው ከረሷት ከእኔ በፊት የነበረችውን ብርቅዬን የሚያውቅ በምድር ላይ አይኖርም። ደግሞም ስለ እሷ ከእሳቸው የምጠይቀው አንድ ጉዳይ አለኝ። አርባ ዓመት አሳድሬዋለሁ፤ ሳልጠይቃቸው ከጠፋ ጠፋ ነው። ምን እንደሆነ አሁን አልጽፍልሽም። አንቺ ስለ ሰው አእምሮ የምታጠኚ ነሽና የወጣ ነገር የሚመለስበት መንገድ ካለ ንገሪኝ።

ደምሴ


በርገን፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደምሴ፣

ጉልበትዎን እግዚአብሔር ያጽናልዎ፤ የአያቴን እጅ ይሳሙልኝ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የእጅ ጽሑፍዎ ምንም አይልም።

እዚህ ሰውን ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ዓመት ለማኖር የሚያስቡ ሰዎች አሉ። ቀልድ አይደለም፣ ሥራቸው ነው። ሰውነቱን እነሱ ያቆዩታል እንበል። የእኛ ትንሽ የጥናት ክፍል የምትጠይቀው ሌላ ነው፦ ያ ሰው በሁለት መቶኛ ዓመቱ እናቱን ያውቃታል? በሦስት መቶኛው ደግሞ በሃያ ዓመቱ የሠራውን ነገር "እኔ ነኝ የሠራሁት" ይላል? እንዲህ የኖረ ሰው አግኝተን መጠየቅ አንችልም። ያሉን እንደ አያቴ ያሉ ናቸው።

የወጣ ነገር ይመለሳል ወይ ላሉኝ፣ ደጋግሞ በመንገር የሚመለስ አለ። ስለ አክስቴ የተጻፈ ነገር ካለዎት በየማለዳው፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ያንብቡላቸው። ሲጨርሱ እሳቸው የሚሉትን በስልክዎ ቀድተው ይላኩልኝ። ዘጠና ቀን። እኔ ዘጠናው ሳይሞላ አንዱንም አላዳምጥም። የሥራችን ደንብ ነው፤ መሐል ላይ ከሰማን መስማት የምንፈልገውን መስማት እንጀምራለን። የሚያነቡትን ጽሑፍ ግልባጭም ይላኩልኝ።

ያን "አንድ ጉዳይ" አልጠይቅዎትም። እርስዎም ለአክስቴ ቀብር ለምን እንዳልመጣሁ ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሄራን


ሀዋሳ፣ ኅዳር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለሄራን፣

ከብርድና ከብቸኝነት የሚጠብቅ አምላክ ካንቺ አይለይ። እኛ በጸጋው አለን።

ያልሽኝን እያደረግኩ ነው። የማነብላቸው ቀብሯ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪኳን ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያናችን ከሽማግሌዎቹ መሐል የሟች ታሪክ የሚጽፍ እኔ ስለሆንኩ እጄ ለምዶታል፦ ተወለደ፣ ተማረ፣ ጌታን ተቀበለ፣ አገባ፣ አረፈ። አንድ ገጽ ናት። ሁልጊዜ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቁርሳቸውን እንደጨረሱ አነባለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስጨርስ በሲዳምኛ ብዙ ይናገሩ ነበር። እጃቸውን ያወናጭፋሉ፤ አንድ ቀን ወረቀቱን በከዘራቸው መቱት። እኔ እንግዲህ የከምባታ ልጅ ነኝ፣ አርባ አንድ ዓመት ከሲዳማ ሴት ጋር ኖሬ በቋንቋዋ ከሰላምታና ከገበያ ነገር አላለፍኩም። እሷ ወደ አማርኛዬ መጣችልኝ፤ እኔ ወደ እሷ አልሄድኩም። ስለዚህ የሚሉት ጸሎት ይሆናል፣ ወይም የከብት ነገር ይሆናል እያልኩ እየቀዳሁ እልክልሻለሁ። አሁን ግን ረጋ ብለዋል። ደስታዬን ልንገርሽ፦ ትናንት እኔ ሳልጀምር እሳቸው ቀድመው በአማርኛ "ብርቅዬ ደበሌ በ1947 ዓ.ም. ቡሹሎ ተወለደች" አሉ። ሄራን፣ ዘልዬ እጃቸውን ሳምኩ!

ግን አንድ ሐሳብ ገብቶብኛል። አንቺ ሦስት መቶ ዓመት ብለሽ ጻፍሽልኝ። እኔ ተስፋ የማደርገው ፍጻሜ የሌለውን ሕይወት ነው። መቶ አስር ዓመት የወለዷትን ልጅ ካስረሳ አስር ሺህ ዓመት ምን ያደርጋል? ያን ጊዜ ብርቅዬ አጠገቤ ብትቀመጥ "ይቺ ደስ የምትል ሴት የማን ናት?" እል ይሆን? መጋቢያችንን ብጠይቀው "ጋሽ ደምሴ፣ እዚያ እንባ የለም" አለኝ። እኔ ስለ እንባ አልጠየቅኩትም። የድሮው ቆጣሪ አራት አሃዝ ብቻ ነበረው፤ ሲሞላ ዞሮ ዜሮ ይገባል። ነገሩን የማያውቅ አዲስ አንባቢ ሲያየው ቤቱ ውሃ ያልቀዳ ይመስለዋል። የበደልኩትን ከረሳሁ ይቅር መባሌን በምን አውቀዋለሁ? ይህን የሚመልስልኝ አጣሁ።

ግልባጩን ገና አልላክሁልሽም። አጻጻፌ አያምርም፤ ሌላ ጊዜ።

ደምሴ


ሀዋሳ፣ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄራን፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለኅዳሩ ደብዳቤ መልስ አልሰጠሽኝም። ሁለቱ ምልክት ስልኬ ላይ ይታየኛል፣ አንብበሽዋል። ሥራ ይዞሽ ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። አሁን ግን የምጽፍልሽ መልስ ፈልጌ አይደለም። ለሰው ያልነገርኩትን የምነግረው ሰው አጥቼ ነው።

በሐምሌ 1976 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወልደን ነበር። ዘጠኝ ቀን ኖረ። በዘጠነኛው ቀን ማለዳ ሞተ። ለዘጠኝ ቀን ልጅ ድንኳን አይጣልም፣ ለቅሶ አይቀመጡለትም፤ ሁሉም እንዲህ ይል ነበር፤ እኔም አልኩ። የወሩ ንባብ የሚዘጋበት ቀን ነበር። ደብተሬን ይዤ ወጣሁ። ስልሳ ሁለት ቤት አነበብኩ፤ አንዱንም አልተሳሳትኩም። ስልሳ ሁለት ሰው "ደህና ዋልክ ደምሴ?" ብሎኛል፤ ለአንዱም ልጄ ሞተ አላልኩም። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። አያትሽ ልጁን በነጠላ ጠቅልለው ቡሹሎ ወስደው ቀብረውታል፤ ብርቅዬም ተከትላ ሄዳለች። አሥራ አንድ ወር አልተመለሰችም። ከዚያ አንድ ቀን መጣች፣ ውሃ ጣደች፣ ኖርን። የት እንደተቀበረ አልጠየቅኳትም። ለምን እንደተመለሰችም አልጠየቅኳትም። አያትሽን የምጠይቃቸው ጉዳይ ያ ነው፤ የልጄ ቦታ የት እንደሆነ። የቀበሩት እሳቸው ናቸው፣ ሌላ የሚያውቅ የለም።

ወረቀቱን ለምን እንዳልላክሁልሽ አሁን ይገባሻል። "እግዚአብሔር የማህፀን ፍሬ ባይሰጣቸውም የብዙዎች እናት ነበረች" ብዬ ጽፌያለሁ። ለቀብር የመጣው ሁሉ አሜን ብሏል። እኔም አሜን አልኩ።

ትናንት ደፍሬ ጠየቅኳቸው። "አባባ፣ የብርቅዬን ልጅ የት ቀበሩት?" አልኩ። ቀና ብለው አዩኝና አዘኑልኝ።

"ብርቅዬ ልጅ አልነበራትም" አሉ። "የብዙዎች እናት ነበረች።"

የእኔን ቃል፣ በእኔው ድምፅ።

ደምሴ


በርገን፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደምሴ፣

እንደምን ሰነበቱ ለማለት እንኳ አፌ ከብዶታል። ግን እንደምን ሰነበቱ?

ለኅዳሩ ደብዳቤ ያልመለስኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው። የጥር ወሩን ሳነብ ደግሞ ደንቡ ስለ ፈቀደልኝ ቅጂዎቹን ከፈትኩ። ዘጠናውንም በቅደም ተከተል ሰማሁ፤ ሦስት ቀን ፈጀ። ሲዳምኛዬ ዝጓል፣ ግን ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲመጣ ቋንቋው አብሮ መጣልኝ።

ጸሎት አልነበረም ጋሼ። የከብት ነገርም አልነበረም።

በመጀመሪያው ቀን እርስዎ አንብበው እንደጨረሱ፣ "ልጁስ? ልጁን ለምን ዘለልከው? በዚህ እጄ አይደለም እንዴ የቀበርኩት!" ይላሉ። ከዚያም ረጅም ነገር ይናገራሉ። በአራተኛው ቀን፣ "አንተ የውሃው ሰውዬ፣ ወረቀትህ ይዋሻል፤ ውሰድና አስተካክለህ አምጣው" ብለው ይሰድቡዎታል። እርስዎ "አሜን አባባ" ይላሉ። ድምፅዎ ይሰማል። በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ "ልጅ የነበረ ይመስለኝ ነበር" ይላሉ፣ ቀስ ብለው። በሃያ ስድስተኛው ራሳቸውን ይጠይቃሉ፤ "ነበር?" ብቻ። ከዚያ የወንበሩ ድምፅና የመንገዱ ባጃጅ ብቻ ይሰማል። በሠላሳ ስድስተኛው በአማርኛ "ተወለደች" ይላሉ፣ እርስዎም በደስታ ይጮኻሉ። በሰማንያኛው ገጹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃላቸው ወጡት።

እዚህ የምናስተምረው ነገር ነው፦ ትዝታ ሞልቶ የሚፈስ ከረጢት አይደለም። ባሰብነው ቁጥር እንደገና ይጻፋል፤ የኋለኛው የግልባጭ ግልባጭ ነው። ረጅም የኖረ ሰው የሚቀርለት የደጋገመው ነው። ይህን እያወቅኩ ነው "ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ" ያልኩዎት። በአራተኛው ቀን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱን ሳላይ እደውልልዎ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼ ውጤቱ በጣም ግሩም ነው አሉኝ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ።

እውነቱን ልናገር፣ በእርስዎም ተቆጥቻለሁ። አክስቴ ፀጉሬን ስትሠራኝ፣ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ አንድ ቀን አልነገረችኝም። እንዳትናገር ያደረጋት ያ ቤት ነው።

በመጀመሪያው ቀን ያ ረጅም ነገር ያልኩት ውስጥ ቦታው አለ። ሌላም አለ። ልጻፍልዎ? አርባ ዓመት ያልጠየቁት መስማት ፈርተው እንደሆነ እኔ በድንገት ላወርድብዎ አልፈለግኩም። ይበሉኝና እጽፋለሁ።

ሄራን


ሀዋሳ፣ የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሄራን፣

ጌታ የልብሽን ቁጣ በምሕረት ያብርደው። ቁጣሽ ግን ልክ ነው፤ እንዳትመልሺው።

ማንበቡን አቁሜያለሁ። ያልጠበቅኩት ነገር መጣ። አያትሽ ወረቀቱን ይጠይቁኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ሲል ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ይመታሉ፤ "የዚያችን ደግ ሴት ታሪክ አታነብም እንዴ? ዛሬ ምን ሆንክ?" ይላሉ። ወደዋታል፣ ያቺን እኔ የጻፍኳትን። "አባባ፣ ስህተት አለበት" ብላቸው፣ "ምን ስህተት አለው? እኔ አውቃት የለም እንዴ!" ብለው ተቆጡኝ።

ራሴን ጠየቅኩ። ያን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እየዋሸሁ እንደሆነ አውቄ ነበር? ሄራን፣ የሚያሸብረኝ ይህ ነው፦ አላስታውስም። ያን ቀን ልጁ ትዝ ብሎኝ ዘልዬው ይሁን፣ ወይስ ሠላሳ ሰባት ዓመት ልጅ የለንም ስል ኖሬ እውነት መስሎኝ ይሁን መለየት አቃተኝ። እሳቸውን በዘጠና ቀን ያደረግኳቸውን ራሴን ቀድሜ አድርጌው ነበር። እኔ ገና ሰባ ሁለቴ ነው። ለመርሳት መቶ አስር ዓመት መኖር አላስፈለገኝም።

ፊቱን ለማሰብ ሞከርኩ። ነጠላው ብቻ ነው የሚመጣልኝ።

ፈርቼ ነው ያልጠየቅኩት፣ ልክ ነሽ። አሁንም እፈራለሁ። ንገሪኝ።

ደምሴ


በርገን፣ መጋቢት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ ደምሴ፣

እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጥዎ። አያቴ ያሉትን እንዳለ እተረጉመዋለሁ፤ የራሴን አልጨመርኩም።

"ከትልቁ ዋንዛ ወደ ሐይቁ ሰባት እርምጃ ነው። ማለዳ ነው፣ ጠል ነበር። ስሙን ክብሩ ብላዋለች። ባሏ ለዘጠኝ ቀን ልጅ ስም አይወጣም ቢላት ለእኔ በጆሮዬ ነገረችኝ። እንደ ሽማግሌ ያዛጋ ነበር፣ አፉን በሰፊው ከፍቶ፤ እሱን እያነሳች ትስቅ ነበር፣ ከዚያ ታለቅሳለች። አሥራ አንድ ወር እዚህ ተቀመጠች። አንድ ጠዋት ተነስታ ‘ብቻውን ነው’ አለችና ነጠላዋን ለበሰች። ማን ነው ብቻውን አልኳት። ባሌ አለች።"

ይኸው ነው። እርስዎ በኅዳር ለጠየቁኝ፣ ስለ አስር ሺህ ዓመቱ፣ የማውቀው የለኝም። የእኛ ትምህርት እዚያ አይደርስም።

ለቀብሯ ያልመጣሁት ፈተና ስለነበረኝ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ስወስን ቀላል ነበር፤ ያ ነው የሚያሳፍረኝ።

ሄራን


ሀዋሳ፣ መጋቢት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተወደድሽ ለሄራን፣

የአክስትሽ አምላክ ይባርክሽ። በቀጥታ ወደ ነገሩ ልግባ።

ቅዳሜ አያትሽን ይዤ ቡሹሎ ሄድኩ። ኮንትራት ባጃጅ ያዝን። ሾፌሩ በመስታወት እያያቸው "አባባ፣ ስንት ዓመትዎ ነው? ለእኛም ይትረፍ እንጂ!" ቢላቸው፣ "አንተና አባትህ ተደምራችሁ አትደርሱብኝም፤ ይልቅ ጉድጓዱን እያየህ ንዳ" አሉት። እስክንደርስ ሲስቅ ነበር።

መሬቱን አሁን የሚያርሰው የሟቹ የአጎትሽ ልጅ ተክሌ ነው። "ትልቁ ዋንዛ የት አለ?" ስለው፣

"ዋንዛውማ የለም ጋሼ። ከነሥሩ ነቅለን ለበርና ለመስኮት አደረግነው፤ ስምንት ዓመት አለፈው።"

"የቱ ጋ ነበር?"

"እዚህ ጋ… ቆይ፣ ከጉድጓዱ ወዲህ። አይ፣ እዚህ ጋ ነው።"

"ከሱ ወደ ሐይቁ ሰባት እርምጃ አሳየኝ።"

"በማን እርምጃ? የእኔ እግር ረጅም ነው።"

"በአባባ የድሮ እርምጃ።"

ለምን እንደሆነ ነገርኩት። ሳቁን ተወ። ባርኔጣውን አውልቆ ዝግ ብሎ ተራመደ፣ ሰባት ቆጠረና ቆመ። ለበቆሎ የታለሰለሰ መሬት ነው፣ ዝናብ ይጠብቃል። ቦታው እዚያ ይሁን ወይ ሁለት ክንድ ወዲህ፣ ማንም አያውቅም። ሄራን፣ ያችን ሁለት ክንድ አጠፋኋት፤ ከእንግዲህ የሚመልሳት የለም። ይህን ይዤ እኖራለሁ።

ተክሌ ለአያትሽ ወንበር አመጣ። ተቀምጠው አፈሩን አዩት፣ እኔን አዩኝ።

"እዚህ ምን ልናደርግ መጣን?" አሉኝ።

አጠገባቸው ተንበረከክሁ፤ ጉልበቴ ጮኸብኝ። "አባባ፣ ልጅ ልጎበኝ መጥቼ ነው" አልኩ።

"የማን ልጅ?"

ይህን ቃል ለስልሳ ሁለት ቤት አላልኩትም፣ ለቀብርተኛው አላልኩትም፣ ለእሷም አላልኩላትም።

"የእኔ ልጅ። የእኔና የብርቅዬ። ክብሩ ይባላል።"

"አይ ጥሩ ስም!" ፊታቸው በራ። ነገሩ ለእሳቸው አዲስ ወሬ ነው። "ስንት ሆነው?"

"ዘጠኝ ቀን።"

"ገና ነዋ!" አሉና እጃቸውን አንስተው ራሴ ላይ ጫኑ። እጃቸው ከባድ ነው፤ ሙቀት አለው። እንደ ሲዳማ ሽማግሌ በቋንቋቸው ረጅም መረቁኝ፤ እንዳልሰማኋቸው ሲያውቁ ደግሞ በአማርኛ ደገሙልኝ።

"እግዜር ያሳድግልህ ልጄ" አሉኝ።

በሐምሌ ሰባ ስድስት ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ልጅ መወለዱን ለማንም አልተናገርኩምና። ተክሌ ፊቱን ወደ ሐይቁ አዞረ።

እኔ አሜን አልኩ።

ደምሴ